ከውጭ የመጣ ስልክ ሲም አልቀበል ሲል፦ ሩት ከማስደረጋችሁ በፊት

አክስቴ ከአሜሪካ ለእህቴ ስልክ ላከችላት። እህቴ ሁለት ሳምንት ያህል በዋይፋይ ብቻ ተጠቀመችበት። የምረቃዋን ፎቶ ሁሉ ያነሳችው በእሱ ነው። በኋላ ሲሟን ከድሮው ስልክ አውጥታ ስትከተው ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ አስገቢ ይላል። ይዛው ጥገና ቤት ሄደች። "ችግር የለም፣ ሩት እናደርገዋለን" አሏት፤ በስልኩ ሶፍትዌር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንወስዳለን ማለታቸው ነው። ማታ ስትቀበላቸው ስልኩ ባዶውን ነበር። ፎቶዎቹ የሉም። ሲሟን ስትከት ያው ሳጥን ተመልሶ መጣ።

ስልኩ በመጨረሻ የተከፈተው በሌላ መንገድ ነው። አክስቴ ስልኩን የገዛችበት ድርጅት ጋ ደወለች። የቀረ ክፍያ ነበረባት፤ ጨረሰችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሳጥኑ ጠፋ። ሩት የሚባል ነገር አላስፈለገም።

ያን ቀን የጠፉት ፎቶዎች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። ሩት ማድረግና ስልክን ከኔትወርክ ሎክ ማስከፈት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ደግሞ ስልኩ ጭራሽ ይበላሻል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ፣ ሎኮቹን እንለያቸው

"ስልኩ ሎክ ነው" ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። የስክሪን ፓተርን የረሳም ሎክ ነው ይላል። ፎርማት ካደረገ በኋላ የድሮውን የጉግል አካውንት የሚጠየቅም ሎክ ነው ይላል። እነዚህን ለዛሬ እንተዋቸው። እኛን የሚመለከቱን ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሲም ሎክ ነው፤ የኔትወርክ ሎክም ይባላል። ይህን ያስቆለፈው ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ድርጅት ነው። ስልኩ በየወሩ በሚከፈል ብድር ይሸጣል፤ ገዢው ከፍሎ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ድርጅት እንዳይሄድ ይቆለፋል።

ሁለተኛው የቡትሎደር ሎክ ነው። ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። "ይህ ሶፍትዌር የአምራቹ ነው ወይስ ሌላ ሰው የነካካው?" ብሎ ይፈትሻል። የአምራቹ ካልሆነ አላስነሳም ይላል።

ሦስተኛው ሩት ነው። በእርግጥ ሩት ሎክ አይደለም፤ ሥልጣን ነው። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። በሊኑክስ ዓለም ሁሉን ማየት፣ ሁሉን መቀየር የሚችለው ተጠቃሚ ሩት ይባላል። ስልክ ስንገዛ ይህ ሥልጣን አይሰጠንም። ሩት ማድረግ ማለት ይህን ሥልጣን መውሰድ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። ሩት የሚሰጣችሁ በአንድሮይድ ላይ ያለ ሥልጣን ነው። የሲም ሎኩ ግን አንድሮይድ ውስጥ አይደለም። ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው ሞደም የሚባለው ክፍል ነው። ሞደሙ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሶፍትዌር፣ የራሱ የተጠበቀ ማኅደር አለው። ሎኩ የተጻፈው እዚያ ነው።

ሲም ስትከቱ የሚሆነውን ጠጋ ብለን እንየው። ሞደሙ ከሲሙ ላይ አንድ ረጅም ቁጥር ያነባል። የቁጥሩ መጀመሪያ አገሩንና ድርጅቱን ይናገራል። የኢትዮጵያ 636 ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 636 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ 636 02 ነው። ከአሜሪካዎቹ ቲሞባይል 310 260ን ይጠቀማል፤ ኤቲ ኤንድ ቲ 310 410ን። በቲሞባይል የተቆለፈ ስልክ 636 01 ሲያነብ የተፈቀደለት ቁጥር ውስጥ የለም። ሳጥኑን ያወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው አንድሮይድ "ልግባ?" ተብሎ ሳይጠየቅ ነው። ሩት መያዝ የቤቱን ክፍሎች ሁሉ ቁልፍ እንደመያዝ ነው፤ የግቢው በር ቁልፍ ግን አከራይዋ ጋ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ያምታታቸዋል?

ጠጋኞቹ ላይ ብቻ አልፈርድም። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የመጀመሪያውን ጋላክሲ ኤስ ያስታወሰ ሰው ያውቀዋል። ሳምሰንግ የመክፈቻ ኮዱን ኢኤፍኤስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለ አንድ ፋይል አስቀምጦት ነበር። ስልኩን ሩት ያደረገ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ኮዱን ያነበዋል፤ ሳጥኑ ላይ ይጽፈዋል፤ ተከፈተ። በአይፎንም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በአይፎን 3ጂ ዘመን ስልኩን ጄይልብሬክ (የአይፎኑ ሩት) አድርጎ የመክፈቻ ፕሮግራም መጫን ይቻል ነበር። "ሩት አድርገው፣ ይከፈታል" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ነው።

አምራቾቹ ግን ተምረዋል። ዛሬ የሎኩ መረጃ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የታሸገ ነው። አይፎን ደግሞ ሎክ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው የአፕልን ሰርቨር ነው። ስልኩ ውስጥ ብትቆፍሩ ኮዱን አታገኙትም። ወሬው ከ15 ዓመት በኋላም እየዞረ የሰው ፎቶ ያጠፋል።

እንዲያውም ዝምድናው የተገላቢጦሽ የሆነበት ጊዜ አለ። ከቴሌኮም ድርጅት የተገዛ የጉግል ፒክስል ውሰዱ። ሩት ለማድረግ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት፤ ለዚያ በቅድሚያ ሴቲንግ ውስጥ "ኦኢኤም አንሎኪንግ" የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ስልኩ የሲም ሎክ ካለበት ይህ ማብሪያ ግራጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ ብትነኩት አይሠራም። የሲም ሎኩ መጀመሪያ መከፈት አለበት። ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ ቴሌኮም የሸጠው ፒክስል ከሆነ ደግሞ የሲም ሎኩ ቢከፈትም ቡትሎደሩ አይከፈትም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቅርብ ዓመታት ሳምሰንጎች ላይ ማብሪያው ጨርሶ የለም። ከአሜሪካ የመጣ ሳምሰንግ ይዛችሁ "ሩት አደርገዋለሁ" ያለ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሞዴሉን እንኳ አላየም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው

ሀ. ሎክ መሆኑን አረጋግጡ

በአይፎን ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ወደ ታች ስትወርዱ "ካሪየር ሎክ" የሚል መስመር አለ። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነጻ ነው።

በአንድሮይድ ትክክለኛው ፈተና የሌላ ድርጅት ሲም መክተት ነው። ሳጥኑ ከመጣ ሎክ ነው። ሳጥን ሳይመጣ "ኖ ሰርቪስ" ብቻ ካለ ግን ወዲያው ሎክ ነው አትበሉ። ሲሙ የሚሠራ መሆኑን በሌላ ስልክ ሞክሩ። ምክንያቱ ፍሪኩዌንሲም ሊሆን ይችላል፤ እመለስበታለሁ።

ስልኩ ገና አሜሪካ ካለ ይህን ሥራ እዚያው መጨረስ ይሻላል። የጓደኛ ሲም ተውሶ መሞከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን ጉዳዩ በሰዓት ልዩነት፣ በስልክ ጥሪና በኢሜይል ይጓተታል።

አንድ ነገር አደራ። ሳጥኑ ላይ ኮድ እየገመታችሁ አትሞክሩ። ሙከራው የተቆጠረ ነው። ካለቀ ትክክለኛው ኮድ በኋላ ቢመጣ እንኳ ላይቀበለው ይችላል።

ለ. የስልኩን መለያ ቁጥር ያዙ

*#06# ደውሉ። 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ ቁጥር ይመጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ የመጀመሪያውን ጻፉ። ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፣ ወይም ስልኩ ተነካክቷል። ገና ልትገዙት ያላችሁ ከሆነ ባትገዙት ይሻላል።

ሐ. ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እወቁ

እዚህ ላይ የስልኩ ታሪክ ይወስናል። ማን ገዛው? በማን አካውንት ነበር? ክፍያው አልቋል?

ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ በኔትወርኩ ላይ ቢያንስ 60 ቀን እንዲቆይና ዕዳው እንዲከፈል ይጠይቃል። ጥያቄው ድረ ገጹ ላይ በአይኤምኢአይ ቁጥር ይቀርባል። የኤቲ ኤንድ ቲ ደንበኛ ያልሆነ ሰውም ማቅረብ ይችላል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቲሞባይል በወርሃዊ ክፍያ ለተያዘ ስልክ 40 ቀንና ያለቀ ክፍያ ይጠይቃል፤ ጉዳዩም የሚጨረሰው በአካውንቱ ባለቤት በኩል ነው። ካርድ እየተሞላባቸው ለሚሠሩ ስልኮች የሚጠየቀው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። እነዚህ ደንቦች ስለሚቀያየሩ በዕለቱ የድርጅቱ ገጽ ላይ ያለውን አንብቡ።

ሦስት ነገር ካለ ድርጅቱ እምቢ ይላል፦ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልሞላ ቀን፣ ወይም ስልኩ ጠፋ ተሰረቀ ተብሎ ከተመዘገበ። ሦስተኛው ከሆነ ምንም መውጫ የለውም። የሲም ሎክ መክፈትና ከጥቁር መዝገብ (ጠፉ ተሰረቁ ከተባሉ ስልኮች ዝርዝር) መውጣትም የተለያዩ ናቸው።

አንዳንዱ "ማስከፈት ሕገ ወጥ ነው እንዴ?" ብሎ ይፈራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ተወሳስቦ ነበር። ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ስልክን መክፈት ይፈቅድ የነበረው የቅጂ መብት ሕጉ ልዩ ፈቃድ ተቋረጠ። ሕዝብ ጮኸ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ መብቱን የሚመልሰውን ሕግ ፈረሙ። ስለዚህ ከፍላችሁ የጨረሳችሁትን ስልክ ክፈቱልኝ ማለት መብታችሁ ነው፤ ስትደውሉ ለልመና እንደሚደውል ሰው አትሽቆጥቆጡ።

ከሌላ አገር የመጣ ስልክ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ተቆልፈው እንዳይሸጡ ከልክላለች። የድሮዎቹም በነጻ እንዲከፈቱ አዛለች። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተቆልፎ መሸጥን አቁማለች። ከቶሮንቶ ወይም ከለንደን የመጣ አዲስ ስልክ ሲም አልቀበል ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሲሙን ጠርጥሩ።

መ. ሲፈቀድ እንዴት ይከፈታል?

እንደ ስልኩ ይለያያል። ኮድ የሚላክላችሁ ከሆነ የአገራችሁን ሲም ከትታችሁ ሳጥኑ ላይ ትጽፉታላችሁ። ለአንዳንድ የቲሞባይል አንድሮይዶች ኮድ የለም። ስልኩ ውስጥ "ዲቫይስ አንሎክ" የሚባል አፕ ወይም ሴቲንግ አለ። ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ ትነኩታላችሁ፤ ራሱ ጨርሶ ሪስታርት ይላል። አይፎን ላይ አዲሱን ሲም ከትቶ በዋይፋይ ማስነሳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ የሩት ጣጣ ይመጣል። እነዚህ አፖች የድርጅቱ ኦሪጂናል ሶፍትዌር ላይ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ሌላ ሶፍትዌር ፍላሽ የተደረገበት (የተጫነበት) ስልክ ላይ አፑ ራሱ ላይኖር ይችላል። ሊከፈት የነበረውን በር በእጃችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው። "መጀመሪያ አስከፍቱ፣ ሩቱ ይቆይ" የምለው ለዚህ ነው።

በአይፎን ሲም ሥር የምትገባ አር ሲም የምትባል ስስ ቺፕ አለች። ስልኩን አታስከፍትም። ሲሙና ሞደሙ መሃል ሆና "እኔ የተፈቀደልኝ ድርጅት ሲም ነኝ" ብላ ታታልላለች። የአይፎን አፕዴት ሲመጣ ሥራ ልታቆም ትችላለች። ስልኩን ለመሸጥ ስትሞክሩም ዋጋው ይወርዳል። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ቢጠቀምባት አይፈረድበትም። ሻጭ "ኦሪጂናል ክፍት ነው" ብሎ በቺፕ ሲሸጥ ግን ማታለል ነው። ስትገዙ የሲም ትሪውን አውጥታችሁ ተመልከቱ።

ሠ. ተከፍቶም ካልሠራ

ሎኩ ተነሳ፣ ሳጥኑ ጠፋ፣ ሲግናል ግን ደካማ ነው፤ ወይም ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት የለም። ሁለት ነገር ፈትሹ።

አንዱ ኤፒኤን፣ ማለትም ስልኩ በሲሙ ኢንተርኔት የሚያገኝበት መቼት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ሥር ይገኛል። የአሜሪካው ድርጅት ኤፒኤን እዚያው ተጽፎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የሲማችሁን ድርጅት ደውላችሁ ጠይቁና አዲስ ሙሉ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ምረጡት።

ሌላው ፍሪኩዌንሲ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂን አዲስ አበባ ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን በ1800 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ባንድ 3 ይባላል። የአሜሪካ ድርጅቶች ደግሞ 600 እና 700 ሜጋኸርዝን አብዝተው ይጠቀማሉ። የቅርብ ጊዜ አይፎኖች፣ ፒክስሎችና ውድ ሳምሰንጎች ሁሉንም ይይዛሉ። ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሠሩ ርካሽ ስልኮች ግን አንዳንዴ ባንድ 3 የላቸውም። የሞዴል ቁጥሩን ፈልጋችሁ የሚይዛቸውን ባንዶች አንብቡ። ይህ የሃርድዌር ጉዳይ ነው፤ ኮድም ሩትም አይረዳውም።

ረ. አሁንም ሩት ማድረግ የሚፈልግ

እኔ ሩትን አልጠላም። የድሮ ስልክን ዕድሜ ያራዝማል። የማይጠፉ አፖችን ያስወግዳል። ለሚማር ልጅ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የሚከፈለውን ዋጋ አውቆ የሚገባበት ሰው ይግባበት።

የመጀመሪያው ዋጋ የባንክና የክፍያ አፖች ናቸው። ብዙዎቹ ሩት የሆነ ስልክ ላይ አንነሳም ይላሉ። ጉግል "ፕሌይ ኢንቴግሪቲ" የሚባል ፈተና አለው፤ አፑ "ይህ ስልክ ተነካክቷል?" ብሎ ይጠይቀዋል። ደመወዛችሁና ሱቃችሁ በሞባይል ክፍያ ከሆነ በዚያ ስልክ ላይ ሩት አታድርጉ። አሮጌ ስልክ ፈልጉና በእሱ ተማሩ። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ቡትሎደር ተከፍቶ ሌላ ሶፍትዌር ሲገባ ኖክስ የሚባለው ፊውዝ ይቃጠላል። ከዚያ የግል ፋይሎች የሚቆለፉበት ሴኪዩር ፎልደር አይሠራም። ሶፍትዌሩን ወደ ቀድሞው ብትመልሱትም ፊውዙ አይመለስም።

ሥራው በጥቅሉ እንዲህ ነው። ፎቶና ኮንታክት በሙሉ ባክአፕ አድርጉ፤ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና ፋይሎቹን ከፍታችሁ እዩ። ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። የእህቴ ፎቶዎች ያለቁት ስልኩ ባክአፕ ሳይደረግ ስለተደመሰሰ ነው። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ "ቢልድ ነምበር" የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩት፤ የዴቬሎፐር ሜኑ ይከፈታል። እዚያ ኦኢኤም አንሎኪንግን አብሩ። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ በፋስትቡት (ከኮምፒውተር ለቡትሎደሩ ትእዛዝ በሚሰጥ ፕሮግራም) ቡትሎደሩን ክፈቱ።

ቀጥሎ ማጂስክ ይመጣል። ዛሬ ለሩት በሰፊው የሚታወቀው መሣሪያ እሱ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ሶፍትዌር ትክክለኛ ቅጂ አውርዱ። ከውስጡ የቡት ፋይሉን አውጡ፤ ከአንድሮይድ 13 ጋር ተወልደው በመጡ ስልኮች ላይ "ኢኒት ቡት" የሚባለው ነው። በማጂስክ አፕ አስተካክሉትና በፋስትቡት መልሳችሁ ጫኑት። ሳምሰንግ ላይ መሣሪያው ኦዲን ነው። የሶፍትዌሩ ቁጥር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አትጫኑ። ስልክ ሎጎ ላይ ቆሞ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ሩቱ እንደተሳካ መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር የኢኤፍኤስን ክፍል ባክአፕ ማድረግ ይሁን። የስልኩ አይኤምኢአይና የሬዲዮ ማስተካከያው ያለው እዚያ ነው። ባክአፑን ከስልኩ ውጭ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ይህ ክፍል ከተበላሸ *#06# ስትደውሉ ቁጥሩ ባዶ ወይም ዜሮ ብቻ ይሆናል። ስልኩ የትኛውንም ኔትወርክ አይይዝም። ኔትወርክ ለማግኘት ሲባል ሩት የተደረገ ስልክ ጨርሶ ኔትወርክ የሚያጣው እንዲህ ነው።

እንዲህ ሲሆን "ሌላ አይኤምኢአይ እንጽፍበታለን" የሚል ሰው አይጠፋም። አትስማሙ። የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ነው የሚጻፍባችሁ። ያ ስልክ ተሰርቆ ቢሆን የሚፈለገው የእናንተ ስልክ ይሆናል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይህን ማድረግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በባክአፕ የራሱን ቁጥር መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሩቱን ትታችሁ ስልኩን ለሰው ልትሰጡ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ኦሪጂናሉን ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ መልሱ። አስነሱት፣ ሲም ከትታችሁ ደውሉበት። ከዚያ በኋላ ብቻ ቡትሎደሩን ዝጉ፤ ሲዘጋም ስልኩ እንደገና ይደመሰሳል። የተነካካ ሶፍትዌር ተጭኖበት እያለ ቡትሎደሩ ከተዘጋ ስልኩ ላይነሳ ይችላል።